የኮኮናት ቃጫ የሚፈትሉ ሴቶችና የመንግሥት ድጋፍ

በደጃፍ ላይ እግር የሚጠረግበት ያ ሻካራ ቡናማ ምንጣፍ ከምን እንደሚሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ከኮኮናት ቅርፊት ከሚወጣ ቃጫ ነው። በደቡብ ህንድ በኬራላ ክፍለ ሀገር፣ ይልቁንም በአላፑዣ አካባቢ፣ ብዙ የገጠር ቤተ ሰቦች ከዚህ ሥራ እንጀራቸውን ያገኛሉ። ቃጫውን ከሚያወጡትና ከሚፈትሉት ሠራተኞች ከአምስቱ አራቱ ያህል ሴቶች ናቸው። መንግሥት ለእነዚህ ሴቶች ያደረገው ነገር፣ ለድኻ መሣሪያ ገዝቶ መስጠትን ለምናስብ ሁሉ የሚያስተምረን ብዙ ነውና በዛሬው ጥናታችን እንመልከተው።

አስቀድመን ሥራውን እንወቅ። እንሰት ሲፋቅ ያየ ሰው ቃጫ በምን ያህል ድካም እንደሚገኝ ያውቃል። የኬራላው ግን ጊዜም ይፈጃል። አረንጓዴው ቅርፊት በመረብ ታስሮ ከባሕር ጋር በተያያዙት ሐይቆች ውስጥ ከ6 እስከ 10 ወር ይዘፈዘፋል። ሲወጣ ሽታው እንደ ገማ እንቁላል ነው። ሴቶቹ በእንጨት ዱላ እየቀጠቀጡ ቃጫውን ከቅርፊቱ ይለያሉ። በቀድሞው አፈታተል አንዲቱ ጎማውን ስታዞር ሌሎች ሁለት ሴቶች ቃጫውን በወገባቸው ይዘው እየፈተሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲመላለሱ ይውላሉ፤ ክፍያው ግን ጥቂት ነው።

የህንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣ ሕግ ይህን ሥራ የሚከታተል ቦርድ አቋቋመ። ቦርዱም በ1994 «ማሂላ ኮየር ዮጃና» የተባለውን ዕቅድ ጀመረ፤ ማሂላ ማለት ሴት፣ ዮጃና ማለት ዕቅድ ነው። ሴቲቱ ሁለት ወር ትሠለጥናለች፤ በዚህም ጊዜ አበል ታገኛለች። አበሉ ትንሽ ነገር አይምሰለን። የዕለት ጉርሷን ከዕለት ሥራዋ የምታገኝ እናት ያለ አበል ሁለት ወር ልትማር አትችልምና። ከሥልጠናው በኋላ በሞተር የሚዞር መፍተያ ስትገዛ ከዋጋው 75 በመቶውን፣ እስከ 7,500 ሩፒ ድረስ፣ መንግሥት ይሸፍንላት ነበር። ደንቡ ግን ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ይላል። ለብዙዎች እንዲዳረስ ታስቦ ይሆናል፤ ነገር ግን እናትና ልጅ አብረው በሚፈትሉበት ቤት ማንኛዋ ትሂድ?

ኋላ ድጋፉ መልኩን ለወጠ። ሥልጠናው ቀጠለ፤ መሣሪያ የምትፈልገው ሴት ግን ወደ አጠቃላዩ የሥራ መፍጠሪያ ዕቅድ እንድትሄድ ተደረገ። በዚያም የገጠር ሴት 35 በመቶ ድጎማ ታገኛለች፣ 5 በመቶ ራሷ ታዋጣለች፣ የቀረው የባንክ ብድር ነው። ይህ አነስተኛ ፋብሪካ ለምታቋቁም ሴት መልካም ነው። በደጇ ለምትፈትል ሴት ግን ከባድ ይመስለኛል። ከሰኔ ጀምሮ የሚወርደው ዝናብ ሥራዋን ሲያስተጓጉል የብድሩ ቀን አብሮ አይቆምላትም።

ደግሞም መሣሪያ ያለ ቃጫ ምን ያደርጋል? በጎረቤቱ በታሚል ናዱ፣ በፖላቺ አካባቢ፣ ቅርፊቱ ወራት ሳይዘፈዘፍ በማሽን ይፈለቀቃል፤ ቃጫውም ይረክሳል። ኬራላ የራሷ ኮኮናት በየጓሮው ሞልቶ ሳለ ቅርፊቱ በሚገባ ስለማይሰበሰብ ከዚያ ታስመጣለች። ቃጫው ሲዘገይ ወይም ሲወደድ ሞተሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሴቲቱም እንዲሁ።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከመፍተያው ይልቅ ብዙ የሚጠቅሙት ብዙም የማይወራላቸው ድጋፎች ናቸው። የኬራላ መንግሥት የፈታዮቹን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ያግዛል፤ በ1979 የተቋቋመው ኮየርፌድ የማኅበራቱን ክር ተረክቦ ይሸጣል። ከቀን ደመወዛቸውም ከፊሉን መንግሥት ይጨምርላቸዋል። በ1987 በወጣ ሕግ ደግሞ የሠራተኞቹ የመረዳጃ ገንዘብ ተቋቁሞ፣ ላረጁት ጡረታ ይከፍላል። ከእነዚህ አንዱም እንደ አዲስ መፍተያ በፎቶግራፍ አያምርም።

በየቡድናችሁ ስትወያዩ እነዚህን ጥያቄዎች አንሡ፦ በእኛ ገንዘብ መሣሪያ የተገዛላት ሴት ጥሬ ዕቃውን ከማን ታገኛለች? የሠራችውን ማን ይገዛታል? ገንዘቡስ በስንት ቀን እጇ ይገባል?