ለመማሪያ ክፍልና ለመሰብሰቢያ አዳራሽ የአየር ማስገቢያ ሉቨር አመራረጥ

የኮሮና ቫይረስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚተነፍስ፣ ከሚናገር ወይም ከሚዘምር ሰው አፍና አፍንጫ በሚወጡ እጅግ ደቃቅ ጠብታዎች ተይዞ አየር ላይ ተንሳፎ ሊቆይ ይችላል። መስኮት መክፈት ቀላሉ መከላከያ ቢሆንም በክረምት ዝናብና በደጋው ብርድ ወቅት መስኮቱ መዘጋቱ አይቀርም። ወደ ውጭ ያዘነበሉ ተደራራቢ ክንፎች ያሉት የግድግዳ ክፍት፣ ማለትም ሉቨር፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ዝናቡን እየመለሰ አየሩን ያሳልፋል።

በግዢ ጊዜ የሚያጋጥመው ስህተት የፍሬሙን ስፋት እንደ ክፍተት መቁጠር ነው። ክንፎቹ ራሳቸው ቦታ ስለሚይዙ፣ ቋሚ ክንፍ ያለው ሉቨር ብዙውን ጊዜ አየር የሚያሳልፈው በስፋቱ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩን ወይም ብረት ሠሪውን ስለ ቁመትና ወርዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ንጹህ ክፍተቱ መጠየቅ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከጤና ተቋማትና ከመኖሪያ ቤት ውጭ ላሉ ሕንፃዎች ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹህ አየር ይመክራል። 50 ሰው ለሚይዝ ክፍል 500 ሊትር ማለት ነው። ክፍተቶቹ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ከሆኑና ነፋሱ በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ከሆነ፣ በድርጅቱ የስሌት ዘዴ በእያንዳንዱ ግድግዳ 0.77 ካሬ ሜትር ንጹህ ክፍተት ይበቃል፤ ይህም 1.5 ካሬ ሜትር ገደማ ሉቨር ነው። ክፍተቱ በአንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ግን በዚያው ነፋስ 10 ካሬ ሜትር ንጹህ ክፍተት ያስፈልጋል። የሚተከልበት ቦታ ከሉቨሩ ዓይነት ይልቅ ወሳኝ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወባ ባለባቸው አካባቢዎች የትንኝ መከላከያ ወንፊቱን ማንሳት አይገባም። ወንፊት ፍሰቱን በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ የሉቨሩ ስፋት በእጥፍ ይጨመር፤ አቧራውን ለማጠብ እንዲመችም ወንፊቱ ተነቃይ ይሁን።

በደጋ አካባቢ ሉቨሩ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ይተከል። ብርድ አንገታቸውን የሚመታቸው ሰዎች ክፍተቱን በካርቶን ወይም በፌስታል መወተፋቸው የታወቀ ነው፤ ሊወቀሱበትም አይገባም። የሚዘጋና የሚከፈት ክንፍ ከተመረጠ ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው ሰው በስም ይመደብ።

የአየር መውጫው ሰዎች ወረፋ ወደሚጠብቁበት በረንዳ፣ መግቢያውም ወደ መጸዳጃ ቤት ወይም ወደ ጄኔሬተር አይዙር። ነፋስ በማይኖርበት ቀን በሩና መስኮቱ ጭምር ይከፈት፤ በክፍሉ የሚቀመጠው ሰው ቁጥርም ይቀነስ።