ለትንሽ ግቢ የሚሆን የአበባ ዛፍ

ለግቢ ዛፍ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው የአበባው ቀለም ሳይሆን ዛፉ ካደገ በኋላ የሚይዘው ቦታ ነው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሁሉም ችግኝ ከጉልበት አይበልጥም፤ ገዢውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የአዲስ አበባን ጎዳናዎች ሐምራዊ የሚያለብሰው ጃካራንዳ አድጎ ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ጥላውም የዚያኑ ያህል ይሰፋል። ለሰፊ መንገድ ያማረ ዛፍ ነው፤ በ200 ካሬ ግቢ ውስጥ ግን ጣሪያ ላይ ይተኛል፣ አሸንዳ ይደፍናል፣ ከጎረቤትም ያጣላል። ለእንዲህ ያለ ግቢ ከ3 እስከ 5 ሜትር ላይ የሚቆም ዛፍ ይበቃል።

ሁለተኛው መመዘኛ የቦታው ከፍታ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው፣ ከማዳጋስካር የመጣው ባለ ቀይ አበባ ዛፍ ቆላ ላይ ሲያብብ እሳት ይመስላል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። ዛፉ ሙቀት ለምዷልና ቆላ ላይ የታየውን አበባ ደጋ ላይ መጠበቅ ድካም ነው።

ለደጋና ለወይና ደጋ ግቢ ሁለት ዛፎች ከሌሎቹ ይልቅ ይስማማሉ። አንደኛው የአገር ልጅ የሆነው ድግጣ ነው። በጥድና በወይራ ደን ዳር በራሱ ይበቅላል፤ ወርቃማ ቢጫ አበባው በዘለላ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ከብት ስለማይደፍረው አጥር ዳር ቢተከልም ችግር የለበትም። ቅጠሉ በባህላዊ መንገድ ተወቅጦ ቅማልና መዥገር ለማጥፋት ይውላል፤ ይህን ያህል መርዛማ በመሆኑም ፍሬውን ሕፃናት ወደ አፋቸው እንዳይወስዱት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ አድሮ ቢዘራ ቶሎ ይበቅላል።

ሁለተኛው ከአውስትራሊያ የመጣው ቦትል ብራሽ ነው። ስሙን ያገኘው ከጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጋር ከሚመሳሰለው አበባው ነው። ዓይን የሚስበው ቀይ ነገር የአበባ ቅጠል አይደለም፤ ረጃጅም የወንዴ ዘር ተሸካሚ ክሮች ናቸው። የአበባ ቅጠሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ልብ ብሎ ላላየ ሰው አይታዩም። ንብና የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎች ያዘወትሩታል። ከሁሉ የሚለየው ግን አበባው ከረገፈ በኋላ የሚሆነው ነው፦ ቅርንጫፉ በአበባው ጫፍ በኩል አልፎ ማደጉን ይቀጥላል፤ ፍሬዎቹም እንጨቱን እንደ ዶቃ ከበው ለዓመታት ይቆያሉ። ቅርንጫፉ ሲደርቅ ወይም ሲቃጠል ተከፍተው እንደ ትንባሆ ብናኝ የደቀቀ ዘር ይለቃሉ። ስለዚህ ዘሩ ሲዘራ አፈር አይጫነውም፤ በረጠበ አፈር ላይ ተበትኖ በእጅ ጫን ማለት ይበቃዋል።

የተከላው ጊዜ ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። ጉድጓዱ በወርድም በጥልቀትም 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ የላይኛው ለም አፈርና የታችኛው ለየብቻ ይቀመጣሉ። ችግኙ ሲተከል የላይኛው አፈር ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ሥሩ አጠገብ ይገባል። ችግኙ ያለበት የፕላስቲክ ቱቦ ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ታች የተጠማዘዘ ሥር ካለም ይቆረጣል። ብዙ ችግኝ የሚሞተው በጥልቀት ስለሚቀበር ነው፦ ግንዱ ከሥሩ የሚለይበት ቦታ ከመሬቱ ወለል ጋር መስተካከል አለበት። ውኃ በሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ ከጉድጓድ ይልቅ ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ይሻላል። ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ ከሴፕቲክ ታንክና ከውኃ መስመር ግን ከዚያም በላይ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ባይተከል ይመረጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ወሳኝ ናቸው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ቀስ ብሎ ማጠጣት ይመረጣል፤ ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። በዙሪያው ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ሲጎዘጎዝ እርጥበቱ ይቆያል፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን መንካት የለበትም፤ ቅርፊቱን ያበሰብሳል።

ቦትል ብራሽ ጥቅጥቅ ብሎ እንዲያብብ አበባው እንደረገፈ ከአበባው ጀርባ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገረዛል። የተቆረጠው ቦታ ብዙ አዳዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ የሚቀጥለውም አበባ የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ቅጠል አልባ የሆነውን ያረጀ እንጨት መቁረጥ ግን አይመከርም፤ ከዚያ ቦታ ዳግም ማቆጥቆጥ ይከብደዋል። ድግጣ ብዙ መግረዝ አይፈልግም። አንድ ግንድ እንዲይዝ ከታሰበ ገና ችግኝ ሳለ ከታች የሚወጡት ቅርንጫፎች ይቀነሳሉ፤ እንደ ቁጥቋጦ እንዲሞላ ከተፈለገ ደግሞ እንዲሁ ይተዋል።