ለትምህርት ቤት ሥራ የሚቀርብ የሕይወት ታሪክ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶች።

ድሮ ያልተማረ ሰው ማመልከቻ ሲያስፈልገው ወደ ጻፊ ይሄድ ነበር። ገንዘብ ይከፍላል፤ ምን እንደተጻፈለት ሳያውቅ በጣቱ ይፈርማል። ፊደል የቆጠረ ሰው ግን የራሱን ታሪክ ራሱ ይጽፋል።

እንበል፣ በዲላ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ለሕፃናት ክፍል ሞግዚት ሊቀጥር ማስታወቂያ ለጠፈ። 6 ልጆች ያሳደገች አንዲት እናት «ድሃ ነኝ፣ ልጆቼ ተቸገሩ፣ እርዱኝ» ብላ ጻፈች። እውነቷን ነው። ቀጣሪው የሚጠይቀው ግን «ሕፃናቱን ማን በደንብ ይይዛል?» ብሎ ነው። እሷ ችግሯን ነገረችው እንጂ ችሎታዋን አልነገረችውም።

ታዲያ ምን ትጻፍ?

1ኛ. ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር።

2ኛ. ትምህርት፦ የት፣ መቼ፣ እስከ ስንተኛ ክፍል። መሠረተ ትምህርትም ትምህርት ነውና አይዘለል።

3ኛ. ሥራ፦ ልጆች ማሳደግ ሥራ ነው። በቡና መፈልፈያ ጣቢያ 2 ዓመት ቡና ለቅማ ከሆነ ሰዓት ማክበሯን ያሳያል። የዕድር ገንዘብ ያዥ ከነበረች መታመኗን ያሳያል።

4ኛ. ቋንቋ፦ ጌዴኦኛና አማርኛ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነው። ከእናቱ ጉያ የወጣ ሕፃን በቤቱ ቋንቋ ሲያባብሉት ቶሎ ይለምዳል። ይህ እኮ ትልቅ ችሎታ ነው!

5ኛ. ምስክር፦ ሥራዋን የሚያውቁ፣ ዘመድ ያልሆኑ 2 ሰዎች። አስቀድማ ታስፈቅዳቸው።

ያልሠሩትን ሠራሁ፣ ያልተማሩትን ተማርኩ ማለት ግን አይገባም። ማስረጃ አምጡ ሲባል ያሳፍራል፤ ሥራም ያሳጣል።

ጽሑፉ ከ1 ገጽ አይብለጥ። የማስታወቂያው የመጨረሻ ቀን አይለፍ። ለቀጣሪው ቅጂ ይሰጣል፤ ዋናው ማስረጃ ለማመሳከር ብቻ ይታያል፤ ከባለቤቱ እጅ አይለይ።

ያቺ እናት እንደገና ጻፈች፦ «6 ልጆች አሳድጌአለሁ። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ጌዴኦኛና አማርኛ እናገራለሁ፤ አነባለሁ፤ እጽፋለሁ።» ከታችም በጣቷ ሳይሆን በስሟ ፈረመች። ሥራውን ብታገኝም ባታገኝም፣ አሁን ቀጣሪው ማን እንደሆነች አውቋል።

ጥያቄዎች

1. የመጀመሪያው ጽሑፍ ጉድለት ምን ነበር?
2. እርስዎስ የሠሩት ሥራ ምን ምን ችሎታ ያሳያል? በደብተርዎ ላይ 3 ይጻፉ።