ኤሌክትሮንና ቁጥር 137



የብርሃንን ፍጥነት፣ የፕላንክን ቋሚና የኤሌክትሮንን ቻርጅ ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን እናልፋለን። ዝምድናቸውን ካወቅን ግን የምንሸመድደው ይቀንሳል፤ የምንረዳው ይጨምራል። ለዚህ ጥሩ መነሻ ኤሌክትሮን ነው።

ሦስት ርዝመቶችን እንውሰድ።

1. የቦር ሬዲየስ፦ በሃይድሮጅን አቶም ኤሌክትሮኑ የመገኘት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነበት ከኒውክሊየሱ ያለው ርቀት፤ 52.9 ፒኮ ሜትር።
2. የኤሌክትሮን የኮምፕተን ሞገድ ርዝመት ለሁለት ፓይ ሲካፈል፤ 0.386 ፒኮ ሜትር።
3. የኤሌክትሮን ክላሲካል ሬዲየስ፤ 0.00282 ፒኮ ሜትር። ይህ የኤሌክትሮኑ እውነተኛ መጠን አይደለም፤ ብርሃን በኤሌክትሮን ሲበተን በስሌቱ ውስጥ የሚመጣ ርዝመት ነው።

ካልኩሌተር አንስተን የመጀመሪያውን ለ137 ብናካፍል ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ለ137 ብናካፍል ሦስተኛውን እናገኛለን። አርኖልድ ዞመርፌልድ በ1916 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አልፋ አንድ ለ137 ያህል ነው። የሚገኘው ከኤሌክትሮኑ ቻርጅ፣ ከፕላንክ ቋሚ፣ ከብርሃን ፍጥነትና ከቫክዩም የኤሌክትሪክ ቋሚ ነው። አሃድ ስለሌለው በሜትር ለካን በክንድ፣ አይለወጥም።

ኤሌክትሮን ለምን ተመረጠ? ቻርጅ ካላቸው ቅንጣቶች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ እንደ ፕሮቶን ከኳርኮች የተሠራም አይደለም። ስለዚህ መግነጢሳዊ ባሕርዩ በከፍተኛ ጥራት ይሰላል፣ ይለካልም። ከዲራክ ስሌት በምን ያህል እንደሚበልጥ ጁሊያን ሽዊንገር በ1948 አልፋን ለሁለት ፓይ በማካፈል 0.00116 ብሎ አሰላ። የዛሬው ልኬት 0.00115965 ነው፤ ትንሿን ልዩነት ተከታዮቹ እርማቶች ይሞሏታል። የኤሌክትሮኑም መጠነ ቁስ በኪሎ ግራም የሚታወቀው ከአልፋና ከሪድበርግ ቋሚ ተሰልቶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። አርተር ኤዲንግተን ቁጥሩ በንጹሕ አመክንዮ የሚገኝ ሙሉ ቁጥር ነው ብሎ መጀመሪያ 136፣ በኋላም 137 አለ። ልኬቱ ግን 137.035999 ሆነ። አልፋ ለምን ይህን ዋጋ እንደያዘ እስካሁን የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ የለም። እኛም «137 ተአምር ነው» የሚል መልእክት ሲደርሰን ለዳዕዋ ከማሰራጨታችን በፊት እናጣራ። ልኬት ነገ የሚያፈርሰውን ማስረጃ ለዲናችን ምሰሶ አድርገን አናቁም።

ለልምምድ፦ የብርሃንን ፍጥነት ለ137 እናካፍል። በሰከንድ 2,190 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል፤ በቦር ሞዴል የሃይድሮጅን ኤሌክትሮን ፍጥነት ይኸው ነው።

ወላሁ አዕለም።