እንግዳ ተዋናይ ምን ሊሠራ ይመጣል?

የሲትኮም ሰዎች አይለወጡም። በመጀመሪያው ክፍል ቋጣሪ የነበረው ሰው በሃምሳኛውም ቋጣሪ ነው። ወሬኛዋ ጎረቤት ወሬ ማመላለሷን አትተውም፤ የተጣሉት ጓደኛሞችም ግማሽ ሰዓቱ ሳያልቅ ይታረቃሉ። ተመልካች የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ በሳምንቱ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የሚያውቃቸውን ሰዎች በሚያውቀው ቦታ ማግኘት ይሻል። ለደራሲው ግን ነገሩ ጭንቅ ነው። አንድም ነገር ካልተለወጠ ታሪክ የለም፤ ሰዎቹ ደግሞ መለወጥ የለባቸውም። ታዲያ ለውጡ ከየት ይምጣ?

ደራሲዎች ካገኟቸው መልሶች አንዱ እንግዳ ተዋናይ ነው፤ ለአንድ ክፍል ብቻ መጥቶ የሚሄድ ሰው። ሥራው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚመዘን ለማስረዳት «ስቲል ጌም» የሚባለውን የስኮትላንድ ተከታታይ ኮሜዲ፣ በተለይም «ኡት» የተሰኘውን ክፍሉን እወስዳለሁ። ርእሱ በግላስጎው ሰዎች አነጋገር «ውጭ» ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ግላስጎው በክላይድ ወንዝ ዳር በመርከብ ሥራ የገነነች ከተማ ናት፤ በ1930ዎቹ ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተጨናነቁት አሮጌ ሰፈሮች እየፈረሱ ነዋሪው ከከተማው ዳር ወደ ተሠሩ መንደሮችና ወደ ረጃጅም ፎቆች ተዛወረ። አዲሱ ቤት መታጠቢያና ሙቅ ውሃ ነበረው። የድሮው ጉርብትና ግን ከዕቃው ጋር ተጭኖ አልመጣም። በኋላ ደግሞ የመርከብ መሥሪያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ በ2001 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ከ600 ሺህ በታች ወርዶ ነበር።

«ስቲል ጌም» የሚካሄድበት ክሬግላንግ በካርታ ላይ የለም። ግን ከእነዚህ ሰፈሮች አጥንትና ሥጋ የተሠራ ነው፤ የውጭ ትዕይንቶቹ ብዙዎቹ የተቀረጹትም ሜሪሂል በተባለው የግላስጎው ሰፈር ነው። ጃክ ጃርቪስና ቪክተር ማክዴድ ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው ጡረተኞች ናቸው፤ ኦስፕሬይ ሃይትስ በሚባል ፎቅ ላይ በር ለበር ይኖራሉ። የሚጠጡት ክላንስማን በሚባለው መጠጥ ቤት፣ የሚገዙት ከናቪድ ሱቅ ነው። ናቪድ ቤተሰቡ ከደቡብ እስያ የመጣ፣ ምላሱ ግን ከማንም በላይ የግላስጎው የሆነ ባለሱቅ ነው። አይሳ ሱቁን ታጸዳለች፤ የሰፈሩን ወሬም ታሰራጫለች። ዊንስተን በየጊዜው አዲስ ብልጠት ያወጣል፤ ታም ደግሞ ከኪሱ ሳንቲም የማይወጣ ሰው ነው።

ይህ የላብ አደሮች ኮሜዲ ነው ይባላል፤ ልክ ነው። የሚገርመው ግን ከባለሱቁና ከመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ ከቦቢ በቀር ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው እምብዛም አይታይበትም። ሥራው አልቋል። የቀረው የሥራው ልማድ ነው፦ ለሳንቲም መጠንቀቅ፣ በተራ መጋበዝ፣ ለተቸገረ ጎረቤት መድረስ፣ ከዚያም የደረሱለትን ጎረቤት ስድብ ማጠጣት። ሳቁ በድህነታቸው ላይ አለመሆኑ ደግሞ ልብ የሚባል ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ቀድመው ይሳሳቃሉ፤ ለእኛ የሚተርፈን አጠገባቸው ተቀምጦ መስማት ነው።

ተከታታዩ የተጀመረው በመድረክ ነው። ፎርድ ኪርናንና ግሬግ ሄምፕሂል በ1997 በኤደንብራ ፍሪንጅ ፌስቲቫል ያሳዩት ቴአትር የፎቁ አሳንሰር ተበላሽቶ በቪክተር ቤት ስለታገዱ ሦስት ሽማግሌዎች ነበር። በቴሌቪዥን በቢቢሲ ስኮትላንድ መታየት የጀመረው በመስከረም 2002 ሲሆን እስከ 2007 ዘለቀ። ደራሲዎቹ ተኮራርፈው ለዓመታት ከተቋረጠ በኋላ በ2014 ግላስጎው በሚገኘው ሃይድሮ አዳራሽ በመድረክ ተመለሰ። ለጥቂት ምሽቶች የታሰበው ትርኢት 21 ምሽት ታየ፤ ከ200 ሺህ በላይ ሰውም ተመለከተው። በ2016 ወደ ቴሌቪዥን ተመልሶ በመጋቢት 2019 ተጠናቀቀ።

ስለ እንግዶቹ ከማውራት በፊት ብዙ ተመልካች የማያስተውለውን አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ እሱም ዕድሜ ነው። ተከታታዩ በ2002 ሲጀመር ጃክን የሚጫወተው ኪርናን 40 ዓመቱ ነበር፤ ቪክተርን የሚጫወተው ሄምፕሂል ደግሞ 32። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ያደረጓቸው ሽበቱ፣ መነጽሩ፣ ኮፍያውና አረማመዳቸው ናቸው። አይሳን የምትጫወተው ጄን ማካሪም ገና ወጣት ነበረች። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ በዕድሜ የገፋ ተዋናይ ሁሉ ለእነዚህ ሰዎች ፈተና ነው። እውነተኛው የፊት መስመር ከተሣለው መስመር አጠገብ ሲቀመጥ ማታለያው ሊገለጥ ይችላል። «ኡት»ን ከሌሎቹ ክፍሎች አስበልጬ የማየው በከፊል ይህን ፈተና ስላለፈ ነው።

የክፍሉ ታሪክ ቀላል ነው። ጃክና ቪክተር አርቺ የሚባል ሰው ያገኛሉ። አርቺ 30 ዓመት ገደማ ከቤቱ አልወጣም። ሁለቱ ሽማግሌዎች አግባብተው ያስወጡታል፤ ከተማውንም ያሳዩታል። አርቺን የሚጫወተው ሲልቬስተር ማኮይ ነው። ማኮይ በስኮትላንድ በደኑን ከተማ በ1943 የተወለደ ሲሆን በ1970ዎቹ በኬን ካምፕቤል ቡድን ውስጥ ምስማር አፍንጫው ውስጥ እያስገባ ሕዝብ ያስቅ ነበር። ከ1987 እስከ 1989 ደግሞ «ዶክተር ሁ» በተባለው ዝነኛ የቢቢሲ ድራማ ሰባተኛው ዶክተር ሆኖ ሠርቷል። ያ ዶክተር በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚጓዝ ፍጡር ነው።

የምርጫው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በጊዜ ሲመላለስ የምናውቀው ሰው፣ ጊዜ ጥሎት የሄደ ሰው ሆኖ ይመጣል። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ሁለት ጊዜ ይስቃል፤ የማያውቅም ምንም አይቀርበትም። ጥሩ የእንግዳ ሚና እንዲህ ነው፤ የተዋናዩ ዝና ተጨማሪ ቅመም ይሆናል እንጂ ወጡ አይሆንም። በብዙ ኮሜዲዎች የምናየው ግን ተቃራኒው ነው። ታዋቂው ሰው በር ከፍቶ ይገባል፣ ታዳሚው ያጨበጭባል፣ እሱም ዝናውን ራሱን ቀልድ አድርጎ ይወጣል። ከሄደ በኋላ ስለ ሰፈሩ ያወቅነው አዲስ ነገር የለም። እንዲህ ያለውን የዝነኛ ጉብኝት እንጂ ትወና ለማለት ይከብደኛል።

አርቺ ግን ስለ ሰፈሩ ያስተምረናል። ጃክና ቪክተር በሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ኋላ የቀሩ ሰዎች ናቸው፤ ዓለም ትቷቸው ስለ መሄዱ ሲያማርሩ ነው የምናውቃቸው። ከአርቺ አጠገብ ሲቆሙ በድንገት ዘመናዊ ሰዎች ይሆናሉ፤ አስጎብኚዎችና አዋቂዎች። አንዲት ቃል ስለ ራሳቸው ሳይናገሩ፣ ጠባያቸውም ሳይነካ፣ ያለ እንግዳው የማይታይ ገጽታቸው ወጣ። በመግቢያው ላነሣሁት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። የሚለወጠው እንግዳው ነው፤ ቋሚዎቹ ባሉበት ቆመው እኛ የምናይበት ማእዘን ይለወጣል።

ማኮይ ይህን የሚያደርገው በአካሉ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ዐይኑ ትልልቅ፣ እንቅስቃሴውም የሕፃን ነው። እንዲህ ያለውን ሚና ሰነፍ ተዋናይ በእብደት ይሸፍነው ነበር፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያስጮኸዋል። ማኮይ መደነቅን መረጠ። የሚደነቅ ሰው ደግሞ አስተዛዛኝ ሳይሆን ሊያሳዝን ይችላል፤ የ30 ዓመቱን ብቸኝነት ማንም ንግግር ሳያደርግበት እናስበዋለን። በአሳንሰር ብልሽት ቤት በታገዱ ሰዎች ለተጀመረ ሥራ፣ በገዛ ፈቃዱ በሩን የዘጋ ሰው መምጣቱም የዘፈቀደ አይመስለኝም። በረጃጅሞቹ ፎቆች ውስጥ ጎረቤት ሳያውቀው መኖርም መሞትም ይቻላል፤ ክፍሉ ይህን ሳይሰብክ ይነግረናል።

ሌሎቹን እንግዶች በአጭሩ ልንካ። ክላይቭ ረስል ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ተዋናይ ነው፤ ኢነስ የሚባል ግዙፍ ሰው ሆኖ መጥቶ ሽማግሌዎቹን ከሚያስቸግሩ ጎረምሶች ጋር ይገጥማል። በግ የመሰለ የዋህ ነው፤ አንዳንድ መጠጥ ካልቀመሰ። እዚህ ቀልዱ በአብዛኛው የቁመት ነው፤ ረስል ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ በመናገሩ ከቁመቱ የበለጠ ነገር ጨመረበት። ሮቢ ኮልትሬን ደግሞ «ዳያል ኤ ባስ» በተባለው ክፍል ውስጥ ዴቪ የሚባል፣ ሐዘን የተጫነው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በ2022 ያረፈው ኮልትሬን የግላስጎው ጎረቤት በሆነችው በረዘርግለን የተወለደ ሲሆን በ«ሃሪ ፖተር» ፊልሞች ሃግሪድን ሆኖ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ደራሲዎች ትልቅ ንግግር ይጽፉለታል ብለን እንጠብቃለን። የተሰጠው መሪ፣ ተሳፋሪ አሮጊቶችና የተከፋ ፊት ነው። ከተከታታዩ ጠባዮች ይህን በጣም እወድለታለሁ፤ ክሬግላንግ ለማንም ብድግ አይልም። ከትልቅ የሲኒማ ስም የመጣውም ልክ እንደ ሰፈሩ ሰካራም በወረፋው ይሰደባል።

የዚህን ዋጋ ለመረዳት የቴሌቪዥን ታሪኩን ማስታወስ ይጠቅማል። በብሪታንያ ቴሌቪዥን የስኮትላንድ ላብ አደር አነጋገር ለረጅም ጊዜ ሲሰማ የኖረው በሰካራም ወይም በተደባዳቢ አፍ ነበር። ከ1988 ጀምሮ «ራብ ሲ ኔስቢት» ያንኑ ሰካራም ወስዶ ፈላስፋ አደረገው፤ ቀናውን የለንደን እንግሊዝኛ መምሰል የማያስፈልገው ሰው መሪ ሆነ። «ስቲል ጌም» ያንን በር ተከፍቶ አገኘው። ስለዚህ እንግዳው ከየትም ይምጣ፣ በክሬግላንግ ለመኖር የክሬግላንግን ፍጥነትና ዜማ መያዝ አለበት። ማኮይ፣ ረስልና ኮልትሬን ሦስቱም ስኮትላንዳውያን በመሆናቸው ይህ አልከበዳቸውም።

ተከታታዩን ለማየት የሚሻ አንባቢ በ«ኡት» ባይጀምር ይሻላል። ቋሚዎቹን ሳያውቁ እንግዳውን መመዘን አይቻልም። «ፍሊቲን» በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ጃክ ወደ ኦስፕሬይ ሃይትስ ተዛውሮ የቪክተር ጎረቤት ይሆናል፤ ከዚያ ይጀምሩ፣ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍም ሳያፍሩ ይክፈቱ። «ኡት» ላይ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ለሳቁ ይዩት። በሁለተኛው ዐይንዎን ከማኮይ ላይ ያንሡና እሱ ሲናገር ኪርናንና ሄምፕሂል የሚያደርጉትን ይከታተሉ፤ ሁለቱ ራሳቸው የጻፉትን ክፍል ለሌላ ሰው ለቀው እየሰሙት ነው። ከእንግዶቹ ክፍሎች ሁሉ አንደኛ የማደርገው ይህንን ነው።