የእንፋሎት ተርባይን ዋጋ በጉድጓዱ ይለካል

በከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ላይ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት አስቀድሞ የሚጠይቀው የተርባይኑን ዋጋ ነው። ሆኖም ከፍተኛ ወጪ ከሚጠይቁት ሥራዎች አንዱ የጉድጓድ ቁፋሮ በመሆኑ፣ መቅደም ያለበት ጥያቄ ማሽኑ አንድ ሜጋ ዋት ለማመንጨት በሰዓት ስንት ቶን እንፋሎት ይፈጃል የሚለው ነው።

የሠራበትን እንፋሎት በቀጥታ ወደ አየር የሚለቅ ተርባይን ዋጋው ርካሽ፣ ተከላውም ፈጣን ነው። ነገር ግን ለአንድ ሜጋ ዋት በሰዓት 14 ቶን ገደማ ይፈልጋል። እንፋሎቱን በኮንደንሰር አቀዝቅዞ ወደ ውኃ የሚመልሰው ዓይነት ግን፣ በመውጫው በኩል ግፊቱ ከከባቢ አየር በታች ስለሚወርድ፣ 8 ቶን ገደማ ይበቃዋል። በሰዓት 100 ቶን የሚሰጥ መስክ በመጀመሪያው 7፣ በሁለተኛው 12 ሜጋ ዋት ተኩል ያህል ያስገኛል ማለት ነው። በማሽኑ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ተጨማሪ ጉድጓድ ሲቆፈር ይወጣል። እርግጥ እንፋሎቱ ብዙ ጋዝ ከያዘ፣ ጋዙን ከኮንደንሰሩ ለማስወጣት የሚጠፋው ኃይል ይህን ብልጫ ይሸረሽረዋል።

የዲዛይነሮች ዋናው ራስ ምታት እርጥበት ነው። በነዳጅ የሚሠራ ማመንጫ እንፋሎቱን አብዝቶ አሙቆ ያደርቀዋል፤ ከምድር የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ትርፍ ሙቀት የለውም። ተርባይኑ ውስጥ ሲሰፋ ጠብታ ይፈጥራል፤ ጠብታውም በመጨረሻው ረድፍ ያሉትን ፈጣን ክንፎች እየመታ ይበላቸዋል። እርጥበቱ በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ብቃቱም በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። ለዚህ ነው ውኃውን በየደረጃው የሚያስወጡ ቦዮች የሚሠሩትና የክንፎቹ ጠርዝ በጠንካራ ብረት የሚለበጠው። በመግቢያው በኩል ደግሞ ሲሊካ፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ፣ ጠባቦቹን ቀዳዳዎች ይዘጋል።

ሙቀቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። የከርሰ ምድሩ ውኃ በ28 ዲግሪ የሚፈላውን አይሶፔንቴን ያፈላል፤ ተርባይኑን የሚያዞረውም የዚያ ፈሳሽ ትነት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሉቶ ላንጋኖ የተተከለው 7.3 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ ሁለቱንም ዘዴ አጣምሮ የያዘ ነበር። ሆኖም ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጉድጓዶቹም በመሣሪያዎቹም ችግር ቆመ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በከፊል ተጠግኖ ተነሣ።

እንግዲህ ሻጩ ይዞ የሚቀርበው የብቃት ቁጥር በተወሰነ የመግቢያ ግፊት የተሰላ ነው። የጉድጓዱ ግፊት ከዓመታት በኋላ ሲወርድ ይኸው ማሽን ስንት ሜጋ ዋት ይሰጣል? ይህ መልስ በውሉ ውስጥ በቁጥር ሳይሰፍር ቅድሚያ ክፍያ መፈጸም አይገባም።