ይዞ መልቀቅስ?



ለእረፍት ሐዋሳ ወርደን ዓሣ ብናጠምድ ሐላል ነው፤ የባሕር አደን እንደተፈቀደልን በሱረቱል ማኢዳህ 96 ተነግሮናል። ለፎቶና ለጨዋታ ብቻ ይዞ መልቀቅስ? በውጭ አገር ለዚሁ ሲባል ጀልባ ተከራይተው ሻርክ የሚያጠምዱ አሉ። "ለቀቅነው እኮ!" ይላሉ። ዓሣው ግን አፉን በመንጠቆ ተወግቷል፣ ከውኃ ወጥቶ ታፍኗል።

ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ወፍ አስረው በቀስት የሚያልሙ ወጣቶች አጋጠሟቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ዒላማ የሚያደርግን መርገማቸውንም ነገሯቸው። (ሙስሊም ዘግበውታል)

እንግዲህ ካጠመድን ለመብላት ይሁን፤ ከተረፈም ለጎረቤት እናካፍል። ትንሽ ቆሮሶ ከወጣ እንዲያድግ ቶሎ እንመልሰው። ስቃዩን ግን መዝናኛ አናድርገው።

አላህ ለፍጥረቱ የሚራራ ልብ ይወፍቀን። ጁምዓ ሙባረክ!